የሚጢጢ ትከሻ

መጋረጃ እየሰፋች የምታድረው ሴት ሃምሳ ዓመት ሞልቷታል። ወገቧ ሰፍቷል፣ ደረጃ ስትወጣም ጉልበቷ መንቋቋት ከጀመረ ከርሟል። ሰፈሩ ግን አሁንም «ሚጢጢ» ነው የሚላት። ከእንግዳ ጋር የሚያስተዋውቋት ሰዎች በዚህ መሳቅ አይሰለቻቸውም። «ሚጢጢ ማለት ይቺ ናት» ይሉና፣ እንግዳው ከእግሯ እስከ ራሷ አይቶ እስኪጨርስ ጠብቀው «የሬዲዮዋ» ብለው ይጨምራሉ። ያን ጊዜ የእንግዳው ፊት ይፈታል። ጎልማሳ ከሆነ ወዲያው ልጅነቱ ይመጣበትና ድምፁን አጎርንኖ «ማነው ጣሪያዬ ላይ የሚራመድ?» ይላል።

ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ያደገ ልጅ በዚያ ዘመን አልነበረም። በየሳምንቱ በሬዲዮ የሚተላለፍ «የጣሪያው ነዋሪዎች» የሚባል የልጆች ድራማ ነበር። ሚጢጢ የምትባል አይጥ በአንድ አሮጌ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ትኖራለች፤ አቶ ጥፍሩ የሚባለው ድመት ደግሞ ጣሪያው ከነኮርኒሱ የአባቱ ርስት ይመስለዋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነበር። ነገር ግን አቶ ጥፍሩ ያቺን ጥያቄውን ሲጠይቅ ሬዲዮ ያለበት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ይስባል፤ ሚጢጢ በቀጭን ድምጿ «እኔ ነኝ፣ ምነው?» ስትለው ደግሞ ያው ልጅ ብርድ ልብሱን ወርውሮ ይንከተከታል።

አሁን ድራማው ፊልም ሊሆን ነው። በሥዕል የሚንቀሳቀስ፣ ትልቅ ፊልም። ማስታወቂያው በየግድግዳው ከተለጠፈ ጀምሮ የከተማው ጎልማሶች አንድ ነገር ሆነዋል። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ተራ ጥበቃ ላይ ወሬው ስለ አይጥና ድመት ነው። አባቶች ልጆቻቸውን ሰበብ አድርገው ትኬት መቼ እንደሚሸጥ ይጠይቃሉ። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ፀጉሩ የሸበተ ቁም ነገረኛ ሰው፣ የጉልበቷን ክኒን እየሰጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሚጢጢ፣ አቶ ጥፍሩን ቀይ ድመት አድርገውታል የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ቡኒ ነገር ነው መሰለኝ።»

«እንዴት ይሆናል? እኔ እኮ ጥቁር አድርጌ ነው ያሳደግኩት» አለ፤ እውነትም ከፋው።

ማስታወቂያው ግርጌ ላይ በትልልቅ ፊደል «አቶ ጥፍሩ፦ ያው የጥንቱ ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል። ያ የጥንቱ ድምፅ የጋሼ ነበር።

ጋሼ የመድረክ ተዋናይ ሆነው ነው የኖሩት። እሷን ያገኟትም በሬዲዮ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ነው። እናቷ እዚያ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ልጅቷ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ለራሷ ስታወራ ጋሼ ሰሟት። ማንበብ አታውቅም ነበር። ስለዚህ የእንጨት ሳጥን ላይ አቆሟት፤ ከኋላዋ ሆነው ቀኝ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። የምትለውን አስቀድመው በጆሮዋ ሹክ ይሏታል። ትከሻዋን ጨመቅ ሲያደርጉ ትናገራለች፤ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ትዘገያለች፤ እጃቸው ሲነሳ ዝም ትላለች። ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብ ከቻለች በኋላም ያች እጅ ከቦታዋ አልተነሳችም። እስከ ዛሬ ድረስ ስልክ ሲደወልላት «ሄሎ» ከማለቷ በፊት ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ይላል። ባሏ «ማን ጫነሽ?» እያለ ይቀልድባታል።

ለፊልሙ እሷም ተጠርታለች። የአይጧን ድምፅ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ሠርታዋለች፤ ለእሷ የደረሳት የሚጢጢ አያት ነው፣ አራት ዓረፍተ ነገር። አልከፋትም። የሃምሳ ዓመት ሴት አይጥ ልሁን አትልም።

በቀረጻው ቀን ጠዋት ጋሼን ልትወስድ ቤታቸው ስትደርስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ይጠብቁ ነበር። ባለቤታቸው በር ላይ የኮታቸውን ኮሌታ እያስተካከሉ «ደረጃ ላይ እጁን ያዢልኝ» አሏት። ሌላም ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት።

«እኔ ነኝ እሷን የምይዛት» አሉ ጋሼ። «ጉልበቷ ሲንቋቋ አልሰማሽም?»

ታክሲ ውስጥ ሁለት ቃል ሲናገሩ ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። «ይቅርታ አባባ፣ ይኼን ድምፅ የት ነው የማውቀው?» አለ። ሚጢጢ ነገረችው። ሾፌሩ መኪናውን ዳር ይዞ ሊያቆም ምንም አልቀረው። «አንዴ ይበሏትማ። ለልጄ እንድነግር።»

«ዛሬ ለሥራ አስቀምጬዋለሁ» አሉ ጋሼ፤ ነገር ግን እስኪደርሱ ድረስ ፈገግታው ከፊታቸው አልጠፋም።

የስቱዲዮው መግቢያ ጠበብ ጨለም ያለ ክፍል ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሶፋ፣ በሩ ትይዩ ደግሞ ካፖርትና ባርኔጣ የተንጠለጠለበት የልብስ መስቀያ። ጋሼ ገቡና ቀጥ ብለው ወደ መስቀያው ሄዱ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው፣ «ተዋናይ ማለት ይኸው ነው» እያለ አጨበጨበ። ጋሼም ወዲያው የካፖርቱን ትከሻ መታ መታ አድርገው «ዝምተኛ ሰው ይመቸኛል» ሲሉ ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ሚጢጢ ብቻ አልሳቀችም። ከሳቁ በፊት የነበረችውን ቅጽበት አይታለች፤ እጃቸው ሌላ እጅ ሲጠብቅ ባዶ እጅጌ ነክቶ ደንግጧል። ተዋናይ ሲቀልድ እጁ አይደነግጥም።

ቀረጻው በእሷ ተጀመረ። አራቷን ዓረፍተ ነገር ሳትቸገር ጨረሰች። አሠራሩ ቀላል ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ትቆማለህ፤ ከፊትህ ሸራ ላይ ፊልሙ ያለ ድምፅ ያልፋል፤ በጎን በኩል ባለው ትልቅ መስታወት ዳይሬክተሩና የድምፅ ባለሙያው ያዩሃል። ቀይ መስመር ከሸራው ቀኝ ዳር ተነስቶ ወደ ግራ ይጓዛል። ግራው ዳር ሲደርስ ሥዕሉ አፉን ይከፍታል፤ አንተም ከእሱ ጋር ትከፍታለህ። ዘግይተህ ከሆነ ድመቱ አፉን ከገጠመ በኋላ ያንተ ድምፅ ብቻውን ይቀራል።

ተራው የጋሼ ሆነ። ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዞ ገባና «ጋሼ፣ አንድ ሦስት አራት ቦታ ትናንት ቀያይረናል፤ ባለ ገንዘቦቹ ረዘመ ብለው» አለ። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው በጣቶቻቸው መሃል አሹት። ሚጢጢ በመስታወቱ በኩል ቆማ አየቻቸው። እሷ ጨርቅ የምትመርጠው እንደዚያ ነው።

«እኔ እኮ» አለ ዳይሬክተሩ ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ፣ «ልጅ ሆኜ አቶ ጥፍሩ ሲናገር ወንበር ላይ ብሆን እግሬን ከመሬት አነሳ ነበር። ከሥሬ ይይዘኛል ብዬ። እናቴ አሁንም ታወራዋለች። ይቺን ፊልም ለመሥራት ስንት በር አንኳኩቻለሁ፣ ለዚያች ድምፅ ስል ነው።»

«እንግዲያው ዛሬም እግርህን ሰብስብ» አሉት።

የመጀመሪያው ትዕይንት ያልተቀየረ ነበር። ቀዩ መስመር ተጓዘ። ደረሰ። ድመቱ አፉን ከፈተ። ጋሼ ዝም። ከዚያ መጣ ድምፁ፤ ያው ራሱ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነገር። ሆኖም ድመቱ አፉን ሊገጥም ነበር።

«በጣም ጥሩ ጋሼ። ትንሽ ብቻ ዘገዩ።»

«ድመት አይቸኩልም» አሉ። በመስታወቱ በዚህኛው በኩል ተሳቀ።

ደገሙት። ዘገዩ። ደገሙት። አሁን ቀደሙ። ዳይሬክተሩ «መስመሩን ብቻ ይከተሉልኝ፣ ቀዩን» አለ። እንደገና ዘገዩ። ሳቁ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ወደ ተቀየረው ገጽ ሲያልፉ ደግሞ ጋሼ የድሮውን አሉ። «ጋሼ፣ እሱ ተቀይሯል፤ ወረቀቱ ላይ አለ።» ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙ፣ ዝቅ አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ውሃ ጠየቁ።

ውሃው ሲመጣ ከውሃው ጋር ሌላ ሰው መጣ። አንድ ኮሜዲያን ነበር፤ የሰውን ድምፅ ሁሉ በመምሰል የታወቀ፣ መልከ መልካም ወጣት። ሚጢጢን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ጃኬቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አንተስ ለምን መጣህ?» አለችው።

ወደ ዳይሬክተሩ አየና አንገቱን ደፋ። «ጠርተውኝ ነው እትዬ። ለማንኛውም ብለው። እውነቴን ነው፣ እኔም ባይፈልጉኝ ደስ ይለኛል።» መልካም ልጅ ነው። ጋሼን አስመስሎ ራሳቸው ጋሼ ቤት ቢደውል ባለቤታቸው «የት ሆነህ ነው?» ይሉታል እየተባለ ይወራል።

እረፍት ተባለ። ጋሼ በኮሪደሩ ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ወደ መታጠቢያው ሄዱ። ተከተለቻቸው። ቧንቧውን ከፍተው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር።

«ጋሼ። መስቀያው ሰው መስሎዎት ነው አይደል?»

ቧንቧውን ዘጉት። «ማን አየ?»

«እኔ ብቻ።»

ፊታቸውን በመሐረባቸው ቀስ ብለው አደረቁ። «ዳር ዳሩን አያለሁ» አሉ። «መሃሉ ነው የሌለው። ቀጥ ብዬ ያየሁት ነገር ይጠፋል። አሁን ያንቺን ፊት ለማየት ጆሮሽን ማየት አለብኝ። ቃሉን ሁሉ ቤት እትዬሽ እያነበበችልኝ በቃሌ ይዤው ነበር፤ አንድም አልሳትኩም ነበር። ማን ይቀይሩታል አለኝ?»

«መስመሩስ?»

«የምን መስመር? ቀይ ነው ሲሉ ሰማሁ እንጂ እኔ ምን አውቄ።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ። ሰዎች ናቸው እኮ።»

«ልንገራቸው? ያው የጥንቱ ድምፅ ብለው የለጠፉትን ቀደው ለሽማግሌው እናዝናለን ሊሉ?» ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ወረደ። «ስሚ፣ ሚጢጢ። ደረጃ ላይ እጄን ይይዙኛል። ሳህኔ ላይ ያለውን ይቆርጡልኛል። እሺ፣ ይሁን። በድምፄ ግን እስከ ዛሬ እጄን የያዘኝ የለም። እዚያ ገና አቶ ጥፍሩ ነኝ። እሱንም ከወሰዱብኝ ቤት ገብቼ የማደርገው አላውቅም።»

መሐረባቸውን ተቀብላ አጣጥፋ ኪሳቸው ውስጥ አደረገችላቸው።

ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሩ ስልኩን ዘግቶ ጠበቃት። ፊቱ ገርጥቷል። «እትዬ ሚጢጢ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል። አመማቸው እንዴ? ስቱዲዮው ለእኔ እስከ ማታ ነው፤ ነገ ሌላ ይገባበታል። ካልቻሉ አሁኑኑ በክብር ልሸኛቸውና ያ ልጅ ይሥራው። ልባቸውን መስበር አልፈልግም። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

አንዲቷ ቃል አፏ ውስጥ ነበረች። መንገር ምናልባት ትክክል ይሆናል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ አመሉም የጨዋ ነው። ግን «በክብር» ሲል የሶፋውን ልጅ በዓይኑ ፈልጎ ነበር።

«ደህና ናቸው» አለች። «አንተ ግን ባዶ ግድግዳ ላይ ተቆጡ ብለሃቸዋል። ጋሼ ብቻቸውን ተቆጥተው አያውቁም። ያኔ እኔ ከፊታቸው ቆሜ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ነበር የሚናገሩት። አቶ ጥፍሩ ጣሪያው ላይ የሚራመድበት ከሌለ በማን ይናደዳል?»

ውሸት መሆኑን ስትጀምረው ታውቅ ነበር። ስትጨርሰው ግን ያን ያህል ውሸት አልመሰላትም። ዳይሬክተሩ አፉን ከፍቶ አያት፤ ድካሙ ከፊቱ ላይ እንደ ሻሽ ተገፈፈ።

«ያቺ ፎቶ» አለ። «ሳጥን ላይ ቆመው፣ እሳቸው ከኋላ። ጋዜጣ ላይ የወጣችው። እንዴት አላሰብኩትም? ይግቡ፣ ይግቡ። እንዲያውም ፎቶ አነሳችኋለሁ።»

ገቡ። ሚጢጢ ከማይክሮፎኑ በታች ቆመች፤ ዛሬ ሳጥን አያስፈልጋትም። ጋሼ ከኋላዋ ቆሙ፣ ማይክሮፎኑ ወደ እሳቸው ከፍ ተደረገ፣ እጃቸው ትከሻዋን ፈልጎ አገኘ። ዳይሬክተሩ በመስታወቱ በኩል ስልኩን አንስቶ ፎቶ አነሳ። ለሚያየው ሰው ያው የጥንቱ ሥዕል ነበር።

«ትከሻዬ ዝቅ ሲል» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ያኔ ይናገሩ።»

ጣቶቻቸው ጠበቅ አሉ። ገብቷቸዋል።

መብራቱ ደበዘዘ። ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት ባለችው ትንሽ ክፍተት ሚጢጢ ጉሮሮዋን የምትጠርግ መስላ ፊቷን አዞረችና አዲሱን ቃል ሹክ አለቻቸው። ወዲያው በመስታወቱ ማዶ የድምፅ ባለሙያው ቀና ብሎ አያት። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰ፣ ጆሮው ላይ ትልልቅ ማዳመጫ የደፋ ቀጭን ሰው ነው። በዚያ ማዳመጫ የጨርቅ ኮሽታ እንኳ እንደሚሰማ ነግረዋት ነበር። ሰውየው ግን ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ ሰምቶስ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልነበራትም፤ ቀዩ መስመር ተነስቷል።

መስመሩ ግራው ዳር ደረሰ። ትከሻዋን ዝቅ አደረገች።

ድምፁ ከራሷ በላይ ወጣ። ድመቱ አፉን ከፈተ፣ ተናገረ፣ ዘጋ፤ ድምፁም አብሮት ተዘጋ።

«አልፏል» አለ ዳይሬክተሩ።

ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው አንዴ ተደግሞ አለፈ። ሚጢጢ ወረቀቱን በአንድ ዓይኗ፣ መስመሩን በሌላው ትከተላለች፤ አንገቷ ደነዘዘ፣ ጀርባዋን ላብ አጠመቀው። ሹክ በምትል ቁጥር መስታወቱን ታያለች። የድምፅ ባለሙያው ቀና አይልም። ይህ ደግሞ ከማየቱ የባሰ ያስፈራል። ከበሩ ትንሽ መስኮት በስተጀርባ የኮሜዲያኑ ጃኬት ይታያል፤ አልሄደም።

ከዚያ ያቺ ትዕይንት መጣች። ሚጢጢ አይጧ በጣሪያው ክዳን ላይ ስትሮጥ፣ አቶ ጥፍሩ ከታች ሆኖ የሚጠይቅበት። ያቺ ጥያቄ አልተቀየረችም፤ ማን ይደፍራታል? የልጅቷ መልስ አስቀድሞ ተቀርጿል፤ ጋሼ ጠይቀው ለእሷ ቦታ ትተው ቀጥለው ረዘም ያለ ቁጣ ይናገራሉ። ሹክ አለቻቸው። ትከሻዋን ዝቅ አደረገች።

«ማነው ጣሪያዬ ላይ የሚራመድ?»

ከዚያ ጣቶቹ ጨመቋት። ጋሼ አስበው አይደለም፤ እጁ የሚያውቀውን አደረገ፤ ያቺ ጥያቄ ያለ ጭምቂያ ተጠይቃ አታውቅም። እሷም አላሰበችም። ከአንድ ቦታ፣ ከሆዷ ይሁን ከልጅነቷ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«እኔ ነኝ፣ ምነው?»

በራሷ ድምፅ ደነገጠች። በድንጋጤዋም ትከሻዋን ረሳችው። ቀዩ መስመር ሄዶ ደረሰ። ሸራው ላይ ድመቱ አፉን ከፈተ፣ ጥርሱን አሳየ፣ ጭራውን ነሰነሰ፣ ተቆጣ፣ ተራገመ። ድምፅ የለም። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ሸራው አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ የሚጢጢን ትከሻ ይጠብቃሉ። ድመቱ በፊታቸው ያለ ድምፅ እየጮኸ ነው።

ዘግይታ ትከሻዋን ጣለች። ድመቱ ወጥቶ ሄዶ ባዶ ጣሪያ ብቻ ሲቀር ጋሼ በሙሉ ኃይላቸው ተቆጡ።

ሥዕሉ ቆመ። መብራቱ በራ። በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሩ ገባ። ከጋሼ ፊት ለፊት፣ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመ። ምንም አልተናገረም። ወረቀቱን የያዘችው ሚጢጢ መሆኗን አየ፤ የጋሼን እጅ አየ፤ ትከሻዋን አየ።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ። «ያ ልጅ ዝም አለ። ጠፋ እንዴ?»

«እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ዳይሬክተሩ።

የጋሼ እጅ ከትከሻዋ ላይ ተነሳ። በልጅነቷ የዚያ ትርጉሙ ዝም በይ ነበር። ዝም አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ከከረመ ነው» አሉ። ኮታቸውን ቆለፉ። «እሷን አትቆጣት። አለቃዋ እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሸ። ተቆጥቷል፤ መቆጣቱም ደግሞ አሳፍሮታል። «ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ዘዴ አይጠፋም ነበር። አይጧን የሆነችው ልጅም ማንበብ አትችልም፤ በጆሮ ማዳመጫ ቃሉን እያነበብንላት፣ ሲደርስ ጢጥ እያደረግንላት ነው የሠራችው። እንሞክር። ካልሆነ ግን…» አልጨረሰውም። በሩ ላይ ኮሜዲያኑ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

ማዳመጫውን አደረጉላቸው። ሚጢጢ ወደ ግድግዳው ተገፋች። ዳይሬክተሩ ማዶ ሆኖ ቃሉን አነበበላቸው፤ ጢጥ አለ፤ ጋሼ ተናገሩ። በትክክል በሰዓቱ። አንድ ፊደል አልዘገዩም። ሚጢጢ ዓይኗን ጨፈነች። ሰዓቱ ልክ ነበር፤ ድመቱ ግን አልነበረም። ደገሙት። ያው።

ማንም ሳይናገር ጋሼ ራሳቸው ማዳመጫውን አወለቁ። «ይኼ ማነው?» አሉ። «ይኼ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።»

መስታወቱ ማዶ ዳይሬክተሩ ወደ በሩ ዞረ። ኮሜዲያኑ ጃኬቱን ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ልመና አልነበረም፤ ማንንም አልጠሩም። እጁ ብቻ ሄዶ አየር ላይ፣ የለመደው ከፍታ ላይ ቆመ። ሚጢጢ ዳይሬክተሩን አየችው። አዎም አላለም፣ አይም አላለም። ከግድግዳው ተነስታ ሄዳ ከጋሼ እጅ ሥር ገባች።

«ሹክሹክታው ይገባል እኮ» አለ ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያው፣ ደከም ብሎ።

ያን ጊዜ አንድ የማያውቁት ድምፅ ተሰማ። የድምፅ ባለሙያው ነበር።

«አይገባም» አለ። «ከቅድም ጀምሮ እየቆረጥኩት ነው።»

ዳይሬክተሩ ወደ እሱ ዞሮ አየው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «አንዴ» አለ። «አንዴ ብቻ።»

መብራቱ ደበዘዘ። ሚጢጢ ሹክ አለቻቸው። መስመሩ ተነሳ፣ ተጓዘ፣ ደረሰ። ትከሻዋ ወረደ።

«ማነው ጣሪያዬ ላይ የሚራመድ?»

ጣቶቹ ጨመቋት። መልሱ እስከ ጥርሷ መጣ፤ ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው። ያ ቦታ አሁን የሌላ ልጅ ነው። ሸራው ላይ አይጧ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ሚጢጢ ያቺን ባዶ ቦታ በትንፋሿ ለካች። መስመሩ ደረሰ። ትከሻዋን ጣለች። ቁጣው ከራሷ በላይ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፤ ድመቱ ጥርሱን ሲያሳይ ጥርስ ነበረው፣ ሲራገም እርግማኑ ወረደ፣ ጭራውን ነስንሶ ሲሄድ ድምፁ ከኋላው ተጎትቶ ወጣ።

በመስታወቱ ማዶ የዳይሬክተሩ ሁለት ጉልበቶች ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ብለው ነበር። እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰብስቧቸዋል፤ እሱ ራሱ ያወቀው አይመስልም። ኮሜዲያኑ ጃኬቱን ለበሰ።

ጋሼ እጃቸውን አላነሱም። ማዳመጫውን ስላወለቁ በእሱ የሚመጣውን የልጅቷን መልስ አልሰሙትም።

«መለሰችልኝ?» አሏት ቀስ ብለው።

«መለሰችልዎት፣ ጋሼ።»

«ጥሩ። ቀጥሎ ምን እላለሁ?»

ገጹን ገለጠች።